«ካምቢዮው ሞቷል» ከመባሉ በፊት፦ አልሄድ ያለ የሣር ማጨጃ እንዴት ይፈተሻል

ክረምቱ ሊወጣ አዲስ ዓመት ሲቃረብ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ሣር ያለው ግቢ ሁሉ አንዴ ይቸኩላል። ሆቴሉ፣ ኤምባሲው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ መንገድ ዳሩም ሣር ሆኗል። ሐምሌና ነሐሴ ያበቀሉት ሰርዶ ከፍ ብሏል፣ መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ማሽኑም እረፍት አላየም። ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ አልሄድም የሚለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ቢላዋው ይዞራል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ግን ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ የሚመጣው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ካምቢዮው ሞቷል፣ ይውረድ።» ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ቸኩሎ ይሰጣል። ካምቢዮ ውድ ነው፤ የዚህ ማሽን ካምቢዮ ደግሞ እንደ መኪና ካምቢዮ በየሱቁ አይገኝም። ካምቢዮው ከመሞቱ በፊት ግን ሊበላሹ የሚችሉ ርካሽ ነገሮች ብዙ ናቸው። ቺንጋ አለ፣ ሞላ አለ፣ ኩሽኔታ አለ፣ ከጣት አንጓ የማትበልጥ የብረት ሽብልቅ አለች፣ ተስባ የተረሳች ማንሻም አለች። ስለዚህ ፍተሻው ሁልጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ አለበት። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ከሠራችሁ ካምቢዮ ሳይፈታ ችግሩን የማግኘት ዕድላችሁ ትልቅ ነው።

ጉልበቱ በየት በኩል ያልፋል?

ሞተሩ ከፊት ነው፤ ዘንጉ ወደ ታች ይወርዳል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ፑሊዎች አሉ። አንዱ ቢላዋዎቹን የሚያዞረውን ቺንጋ ይይዛል፣ ሌላው ማሽኑን የሚያስኬደውን። ሁለቱ የተለያዩ ቺንጋዎች ናቸው። «ቢላዋው እየሠራ ነው፣ ስለዚህ ቺንጋው ደህና ነው» የሚለው አነጋገር የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

የመሄጃው ቺንጋ በማሽኑ ሆድ ሥር ወደ ኋላ ይዘረጋል። መሃል ላይ አጋዥ ፑሊዎች ያገኛል፤ ከእነዚህ አንዱ በሞላ ተስቦ ቺንጋውን ይወጥራል። በብዙዎቹ ማሽኖች የፍሬን ፔዳሉን ስትረግጡ ይህ ወጣሪ ይላላል፣ ቺንጋውም መሳቡን ያቆማል። ቺንጋው ከመቀመጫው ሥር ካምቢዮው ራስ ላይ ያለውን ፑሊ ያዞራል። ካምቢዮውና የኋላው አክስል አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። አክስሉ በግራና በቀኝ ይወጣል፣ ጎማዎቹ እላዩ ላይ ይሰካሉ፣ አክስልና ጎማን አብሮ የሚያዞራቸው ባለ አራት ማዕዘን የብረት ሽብልቅ ነው።

የሞተር ፑሊ፣ ቺንጋ፣ የካምቢዮ ፑሊ፣ አክስል፣ ጎማ። ጉልበቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተቋርጧል። ሥራችን የትኛው ላይ እንደሆነ ማግኘት ነው።

ካምቢዮው ራሱ ከሦስት ዓይነት አንዱ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስድ ፔዳል ወይም ያለ ማርሽ ቁጥር ለስለስ ብሎ የሚሄድ ማንሻ ካለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሃይድሮስታቲክ ነው። ማሽኑን አቁማችሁ ማርሽ የምትቀይሩበት ከሆነ ባለ ማርሽ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ሁለት ቺንጋና መሃል ላይ የሚጠብና የሚሰፋ ፑሊ ያለው ነው፤ በሱ ላይ ፍጥነት እየተነዳም ይቀየራል።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ማሽኑን ሜዳ ላይ አቁሙ። ቢላዋውን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉና ኪሳችሁ ክተቱ። የካንዴላውን ገመድ ንቀሉና ከካንዴላው አርቃችሁ አስቀምጡ። ፑሊ በእጅ ስታዞሩ ሞተሩም አብሮ ሊዞር ይችላል፤ ቢላዋውም እዚያው አጠገባችሁ ነው።

የኋላውን ስታነሱ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በጣውላ አግዱ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። ካነሳችሁ በኋላ ስታንድ ወይም ወፍራም ጠፍጣፋ ግንድ ከአክስሉ ሥር አስገቡ፣ ነቅንቃችሁ እርግጠኛ ሁኑ፣ ከዚያ ሥሩ ግቡ።

መጀመሪያ በጆሮ

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሰው ይንዳው፣ እናንተ ዳር ቆማችሁ ስሙ። ከተቻለ ትንሽ አቀበት ላይ ይሁን። ማሽኑ ሲደክም የሞተሩ ድምፅ ምን ሆነ?

ድምፁ ከወረደ፣ ሞተሩ ከታነቀ፣ ጥቁር ጭስ ከተፋ ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው። ድምፁ ሳይወርድ ማሽኑ ብቻ ከቀዘቀዘ ወይም ከቆመ ግን ጉልበቱ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው፤ ወደ ቺንጋና ወደ ካምቢዮ መሄድ ተገቢ ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ የብዙ ሰው ገንዘብ ታድናለች።

እዚህ ከተማ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌላ ቦታ የበለጠ ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ወይም ሩቡ ሄዷል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት የሚል ሞተር እዚህ ወደ 15 ወይም 16 ይወርዳል። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ ተዳፋት ግቢ ውስጥ «አቀበት አልወጣ አለ» የተባለ ማሽን ካምቢዮው ምንም ላይሆን ይችላል። የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ካንዴላውን እዩ፣ ለከፍተኛ ቦታ የሚሆን የካርቡሬተር ጀት (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ለሞዴሉ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ቆሞ ጎማው በቦታው የሚሽከረከር ከሆነ ካምቢዮው ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያዳልጠው ሣሩ ነው። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቁ፣ የተበላ ጎማም ይቀየር። ብዙ የአምራች መመሪያዎች ከ15 ዲግሪ በላይ የሆነ ተዳፋት ላይ አትንዱ ይላሉ፤ ይህን ማክበር ለካምቢዮውም ለነጂውም ነው።

ማንሻዋና ፍሬኑ

ሃይድሮስታቲክ ማሽን ከኋላ በኩል፣ ጎማው አጠገብ ወይም ከሻንሲው ጀርባ፣ አንዲት ትንሽ ማንሻ ወይም የምትሳብ ዘንግ አለችው። ሥራዋ ማሽኑ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ እንዲገፋ ማድረግ ነው። ስትከፈት ዘይቱ በውስጥ በኩል በአቋራጭ ይዞራል፣ ጎማውም ነፃ ይሆናል። ማሽኑን ገፍቶ ያስገባው ሰው ወደ ቦታዋ ካልመለሳት በማግስቱ ሞተሩ እየሠራ ማሽኑ አይሄድም። ማኑዋሉን እዩ፣ «መንጃ» በሚለው ቦታ ላይ መሆኗን አረጋግጡ። ዝገት ወይም ጭቃ ይዟት መሃል ላይ ቀርታ ከሆነ ዘይት ነክታችሁ እስከ መጨረሻው መልሷት። በግማሽ የተመለሰች ማንሻ ማሽኑ እየሄደ ነገር ግን ጉልበት እንዳይኖረው ታደርጋለች።

ማንሻዋን ተዳፋት ላይ አትክፈቱ። በተከፈተች ሰዓት ማሽኑን የሚይዘው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው።

ከዚያ ፍሬኑ። ማንሻዋን ሜዳ ላይ ከፍታችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቃችሁ ማሽኑን ግፉት። ያለ ብዙ ትግል መሄድ አለበት። ከከበደ ፍሬኑ ነክሷል ማለት ነው። ካምቢዮው ጎን ያለውን የፍሬን ክንድ ተመልከቱ፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ እሱም ይመለሳል? ብዙ ጊዜ የክረምት ጭቃና ዝገት ያስረዋል። አጽዱት፣ መገጣጠሚያውን ዘይት ንኩት፣ ሞላው መመለስ መቻሉን እዩ። የነከሰ ፍሬን ይዞ የሚሠራ ማሽን ቺንጋውንም ካምቢዮውንም ያሞቃል።

ቺንጋው

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። «ካምቢዮ» ተብሎ የሚመጣው ችግር አብዛኛው እዚህ ያልቃል።

ቺንጋው ከመውለቁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር። በየትኛው ፑሊ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ከየትኛው ጠባቂ ሽቦ ውስጥ እንደገባ ይታይ። ስትመልሱት ከአንዲት ጠባቂ ሽቦ ውጭ ከቀረ ወይ ይፈትጋል ወይ ይወጣል።

ከዚያ በጣታችሁ ዳስሱት። ጥሩ ቺንጋ ጎኑ ደብዘዝ ያለና ሻካራ ነው። የተንሸራተተ ቺንጋ ጎኑ ይጠነክራል፣ ያብረቀርቃል፣ ጥፍር ሲነካው ይንሸራተታል። ያ መስታወት የመሰለ ጎን የችግሩ ማስረጃ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ቢፋቅም ብዙ አይሄድም። መሰንጠቅ፣ ክሩ መውጣት፣ አንድ ቦታ ላይ መሳሳት፣ ዘይት መጠጣት ካለ ይቀየር። ዘይት የጠጣ ቺንጋ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳትፈልጉ አዲሱን አታስገቡ።

ቀጥሎ ፑሊው ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ እዩ። ይህ ዓይነት ቺንጋ የሚይዘው በጎኑ እንጂ በሆዱ አይደለም። ጀርባው ከፑሊው ከንፈር ጋር እኩል ወይም ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ጥሩ ነው። ወደ ታች ሰምጦ የቦዩን ወለል ከነካ ወይ ቺንጋው ሰልሏል ወይ ፑሊው ተበልቷል። የቦዩ ወለል የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቺንጋው ሲነካው ኖሯል።

አጋዥ ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጅ አዙሩ። በጸጥታ መዞር አለባቸው። የሚንኮሻኮሽ፣ የሚያጓራ ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ሙሉ ፑሊውን ከመግዛት በፊት ኩሽኔታው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ 6203 የሚል ከሆነ ለምሳሌ 17 በ40 በ12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከተማው ውስጥ የትም ይገኛል። ኩሽኔታው ከፑሊው ጋር ተጨፍልቆ የተሠራ ከሆነ ግን አብሮ ይቀየራል።

ሞላውን እዩ። የተሳበ ሞላ ጥቅልሎቹ መሃል ለመሃል ይከፈታሉ። ወጣሪው ክንድ ደግሞ በተሰካበት ቡሎን ላይ በነፃነት መወዛወዝ አለበት። ግራሶ አጥቶ የደረቀ ክንድ አዲስ ቺንጋም አዲስ ሞላም ቢገባለት አይወጥርም። ክንዱን አውጥታችሁ ዝገቱን አጽድታችሁ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱ። ይህ ሥራ ቀላል ነው፣ የሚረሳውም ስለሚቀል ይመስለኛል።

ስለ ግዢ። ዋናውን ቺንጋ በማሽኑ ሞዴል ቁጥር ማግኘት ከሁሉ ይሻላል፤ የሣር ማጨጃ ቺንጋ በየጊዜው ሲላላና ሲወጠር፣ በጀርባውም ሲታጠፍ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ከሌለ የአሮጌውን ቁጥር ይዛችሁ መርካቶ ወይም ሱማሌ ተራ ሂዱ። 4ኤል950 የሚል ቁጥር ስፋቱ ግማሽ ኢንች፣ የውጭ ርዝመቱ 95 ኢንች ማለት ነው። ለወፍጮና ለፋብሪካ የሚሸጡት «ኤ» የሚባሉት ቺንጋዎች 13 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፣ ግን ቁጥራቸው የሚለካው በውስጥ በኩል ነው። የውጩ ከውስጡ 2 ኢንች ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ለ4ኤል950 የሚጠጋው ኤ93 ነው እንጂ ኤ95 አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ «ቁጥሩ ያው ነው» ብሎ ረጅም ገዝቶ ይመጣል፣ ከዚያ «አዲስ ቺንጋ ገብቶም አልሄደም» ይባላል፣ ጥፋቱም ካምቢዮው ላይ ይወድቃል። የወፍጮ ቺንጋ ቢገጥምም ለጊዜው ነው፤ ዋናው እስኪገኝ ድረስ ተጠቀሙበት።

ጎማውና ሽብልቁ

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ወጣት አትክልተኛ አንድ ቀን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ካምቢዮው ሞቷል አሉ። ሰኞ ይወርዳል ተብሏል። እስቲ ሳይወርድ ይዩልኝ» አለ። ቺንጋው ደህና ነበር። ማንሻዋም ቦታዋ ላይ ነበረች። የኋላውን አንስተን፣ አግደን፣ ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉ ቀስ ብሎ ሲረገጥ ከሩቅ አየን። የቀኙ ጎማ ቆሟል። መሃሉ ላይ ያለው የአክስሉ ጫፍ ግን ይዞራል። በዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ነበር። ጎማው ሲወጣ ሽብልቋ ለሁለት ተቆርጣ እዚያው ቦይዋ ውስጥ ነበረች። ካምቢዮው ጤነኛ ነበር።

አንድ ሽብልቅ ብቻ ተቆርጦ ማሽኑ በሙሉ ለምን ይቆማል? ካምቢዮው ውስጥ ዲፈረንሻል ስላለ ነው። ዲፈረንሻል ጉልበቱን በቀለለው በኩል ይለቀዋል። አንዱ አክስል ጎማውን ትቶ ባዶውን መዞር ከቻለ ኃይሉ ሁሉ በዚያ ይሄዳል፣ ሌላው ጎማ ምንም አይደርሰውም።

ፍተሻው ቀላል ነው። የኋላው ተነስቶ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ፣ ዓይናችሁን ግን አክስሉ ጫፍ ላይ አድርጉ። የአክስሉን ጫፍ የሚሸፍነውን ክዳን አንሱና በጠመኔ ከጎማው እስከ አክስሉ አንድ መስመር አስምሩ። ጎማው ዞሮ መስመሩ ከተቆረጠ ሽብልቁ የለም።

ጎማውን ለማውጣት የአክስሉን ጫፍ የያዘውን ቀለበት በካቻቢቴ ወይም በፒንሳ አውጡ። ስትነቅሉት ተፈናጥሮ ይጠፋልና በሌላው እጃችሁ ሸፍኑት። ሮንዴላዎቹን በተራቸው አስቀምጡ። ጎማው በዝገት ከተያዘ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነክታችሁ አንድ ሌሊት ተውት። ከውስጥ በመዶሻ አትምቱት፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ይጎዳል።

አዲሱን ሽብልቅ የአሮጌውን ቁራጭ ለክታችሁ ቶርኖ ቤት አስቆርጡ። ልኩ ብዙ ጊዜ ሩብ ኢንች ወይም ሦስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ነው። ከተራ ለስላሳ ብረት ይሁን። የጠነከረ ሚስማር፣ የቡሎን ቁራጭ ወይም የብየዳ ዘንግ የሚከቱ አሉ፤ ሽብልቅ መጀመሪያ እንዲቆረጥ የታሰበ ነው፣ እሱ እምቢ ካለ የሚበላው አክስሉ ወይም የጎማው ቸርኬ ነው። ቦዩ ራሱ ከሰፋ ደግሞ አዲስ ሽብልቅ በሳምንት ይቆረጣል፤ ቸርኬው ይጠገን ወይም ይቀየር። ስትመልሱ አክስሉን በስሱ ግራሶ ቀቡት። በሚቀጥለው ክረምት አትታገሉም።

ሃይድሮስታቲኩ

እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ካምቢዮው እንቀርባለን። ገና አንፈታውም።

ከኋላ ያለው ፑሊ እየዞረ ጎማው የማይዞር ከሆነ፣ ከፔዳሉ ወደ ካምቢዮው ክንድ የሚሄደውን ዘንግ ተከተሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ክንዱ ሙሉ ርቀቱን ይሄዳል? የላላ ቡሎን፣ የወለቀ መቆለፊያ፣ የተጣመመ ዘንግ ማሽኑን ቀርፋፋ ወይም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ያደርገዋል። ፔዳሉ ሳይነካ ማሽኑ ቀስ ብሎ የሚሳብ ከሆነም ጉዳዩ እዚሁ ነው፤ የዘንጉ ማስተካከያ ዳዶ ከመሃለኛው ቦታ ወጥቷል። የኋላው ተነስቶ ጎማዎቹ ጸጥ እስኪሉ በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከል። ፑሊው ካምቢዮው ላይ በጥርስ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ተበልቶ ዘንጉን ትቶ እየዞረ እንዳይሆን ተመልከቱ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁላችሁም የምታውቁት ምልክት ነው፦ ጠዋት ጥሩ ይሄዳል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ይደክማል፣ አቀበት ላይ ይቆማል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይሄዳል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል። ውስጡ ያሉት ተፋታጊ ክፍሎች ከተበሉ ቀጭኑ ዘይት በመሃላቸው ያመልጣል፣ ግፊቱ ይጠፋል።

መጀመሪያ ግን ለምን ሞቀ? ካምቢዮው ራስ ላይ፣ ከፑሊው ጋር የሚዞር የላስቲክ ማራገቢያ አለ። ቤቱ ደግሞ ሙቀት የሚያስወጡ ክንፎች አሉት። ብርሃን ይዛችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የተጋገረ ሣርና አቧራ ነው፤ ክንፎቹ አይታዩም፣ ማራገቢያውም ሁለት ሦስት ምላጩ ተሰብሯል። በብሩሽና በኮምፕሬሰር አየር አጽዱት። ውኃ በግፊት አትርጩበት፣ የዘይት መያዣ ጎማዎቹን አልፎ ይገባል። ማራገቢያው ይቀየር። ይህ ብቻ ማሽኑን ሲመልሰው አይቻለሁ።

ቀጥሎ ዘይቱ። ዓይነቱ በካምቢዮው ሞዴል ይወሰናል። ካምቢዮው ላይ ተፍ ቶርክ ወይም ሃይድሮ ጊር የሚል ጽሑፍና ቁጥር ታገኛላችሁ፤ በሱ ፈልጉ። እንደ ሞዴሉ 10ደብልዩ30፣ 5ደብልዩ50 ወይም 20ደብልዩ50 የሞተር ዘይት ይጠይቃሉ። የመኪና ካምቢዮ 90 ቁጥር ዘይት ወይም ቀዩን የመሪ ዘይት በግምት አትሙሉ። ኬ46 የሚባለው በብዙ ትንንሽ ማሽኖች ላይ ያለው ካምቢዮ ማፍሰሻ ቡሎን የለውም። ዘይቱ የሚቀየረው ካምቢዮው ወርዶ፣ ተገልብጦ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ለማውረድ የምትወስኑት ከላይ ያለው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ይሁን።

ዘይት ከተቀየረ ወይም ካምቢዮው ወርዶ ከተመለሰ አየሩ መውጣት አለበት። አየር የያዘ ካምቢዮ ያፏጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አይጎትትም። ብዙ ሰው ይህን ስለሚዘል «ዘይት ቀይረንም ያው ነው» ይላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው በስታንድ ይቁሙ፣ የፊቶቹ ይታገዱ።
2. የመግፊያዋ ማንሻ ትከፈት። ሞተሩ ተነስቶ በዝግታ ይሥራ፣ ፍሬኑ ይለቀቅ።
3. ፔዳሉ ወደ ፊት እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው፤ 5 ወይም 6 ጊዜ፣ ሳይቸኩሉ።
4. ሞተሩ ይጥፋ፣ ማንሻዋ ትመለስ፣ ሞተሩ እንደገና ተነስቶ ያው ይደገም። አሁን ጎማዎቹ ይዞራሉ፤ ማንም አጠገባቸው አይቁም።
5. ሞተሩ ጠፍቶ የዘይቱ ልክ ይታይ፤ አየሩ ሲወጣ ይወርዳልና ይሞላ። ድምፁ እስኪስተካከል ይደገም።

ማራገቢያው ንጹሕ፣ ቺንጋው አዲስ፣ ዘይቱ አዲስ፣ አየሩ ወጥቶ፣ አሁንም ሲሞቅ የሚደክም ከሆነ ያን ጊዜ የውስጡ ክፍል ተበልቷል። አሁን «ሞቷል» ቢባል አልከራከርም።

ባለ ማርሹና ባለ ተለዋዋጭ ፑሊው

በባለ ማርሹ ላይ ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ማርሽ የሚቀየረው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ነው። እየሄደ የሚቀይር ነጂ የማርሹን ጥርስና የመምረጫውን ቁልፎች ይበላል። ማርሽ ከዘለለ መጀመሪያ የማንሻውን ዘንግና መገጣጠሚያ እዩ፣ ብዙ ጊዜ የላላው እሱ ነው። ፔዳሉ ተረግጦም ማርሹ ከተፋጨ ቺንጋው አልላላም ማለት ነው፤ ጠባቂ ሽቦዎቹና የፔዳሉ ማስተካከያ ይታዩ። ሁለቱም ጎማ አንዴ ከተቆለፈ ደግሞ አታስገድዱት፣ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ፒርለስ የሚባሉት አንዳንዶቹ ውስጣቸው ዘይት ሳይሆን ቤንቶናይት ግራሶ ነው፤ ዘይት አትጨምሩበት።

ተለዋዋጭ ፑሊ ያለው ማሽን ፍጥነት አልጨምር ካለ፣ የመሃሉ ፑሊ በዝገትና በሣር ተይዞ መንሸራተቱን አቁሟል። ይጽዳ፣ ሁለቱም ቺንጋ አብሮ ይቀየር።

ጋራዥ ከሄዳችሁ

የምትነግሩት ነገር በትክክል ይሁን። «አይሄድም» አትበሉ። «ሞተሩ ድምፁ አይወርድም፣ የኋላው ፑሊ ይዞራል፣ ሁለቱም ሽብልቅ አለ፣ ማንሻዋ ተዘግታለች፣ ሲሞቅ ነው የሚደክመው» በሉ። ይህን የሰማ ባለሙያ ካምቢዮ ከማውረዱ በፊት መልስ መስጠት አለበት። ካምቢዮው የግድ ይውረድ ካለም የትኛውን ክፍል ሊፈትሽ እንደሆነ ጠይቁት፣ ሲፈታ ቆማችሁ እዩ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃ ለናንተ ይመለስ።

ከጥገናው በኋላ ማሽኑን ቢላዋው ጠፍቶ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ንዱት፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም። አቁሙና ቺንጋው ቦታው ላይ መሆኑን፣ የጎማው ቀለበት መቀመጡን፣ ከካምቢዮው ሥር ዘይት አለመንጠባጠቡን እዩ። ከዚያ ቢላዋውን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት፣ ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ ወደ አቀበቱ ውሰዱት። ደህና የሄደው ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ከሆነ ጥገናው አላለቀም።